ፍትሕ እንደ እርዳታ ስንዴ አይሰፈርም

ከጉንደ ወይን ነው የምጽፈው። ዛሬ ረዘም ይላል፣ ቡናው እስኪፈላ አንብቡት። ያልተስማማ ይከራከረኝ። የጎጃም ሰው "በሕግ አምላክ" ሲባል ቆሞ የሚሟገት ነው፤ ክርክር አይከፋኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ትራምፕ የአሜሪካን የውጭ እርዳታ የሚያግድ ትእዛዝ ፈረሙ። በዚያው ዓመት ሰኔ 24 ደግሞ ዩኤስኤአይዲ የሚባለው መሥሪያ ቤት ራሱ ሥራውን አቆመ። ስለ መድኃኒቱና ስለ ስንዴው ብዙ ተብሏል፤ ተገቢም ነው። ብዙ ሰው ያላስተዋለው ግን ይህ ድርጅት በአገራችን የፍርድ ቤትና የሕግ ማሻሻያ ውስጥም እጁ እንደነበረበት ነው። እንዲያውም "ፍትሕ" የሚል ስም ያለው ፕሮጀክት ነበረው። አስቡት እንግዲህ፤ ፍትሕ ፕሮጀክት ሆነ። ፕሮጀክት ደግሞ የሚጀመርበትም የሚያልቅበትም ቀን አለው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓይነት ጩኸት እሰማለሁ። አንደኛው፣ በተለይ አዲስ አበባ ከሚሠሩት ልጆቼ፣ "አለቀልን ጋሼ፣ ያለ ለጋሽ ማሻሻያ የለም" የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በተለይ ባሕር ማዶ ካሉት፣ "እሰይ! የፈረንጅ ሕግ ይውጣልን፣ ወደ አባቶቻችን ሥርዓት እንመለስ" የሚል ነው። ሁለቱም ተሳስተዋል ባይ ነኝ። ስሕተታቸውም አንድ ነው። ሁለቱም የሚያዩት ሕጉና ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ነው። በሕጉ የሚዳኘው ሰው ተጠይቋል ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አላየሁም።

በሁለተኞቹ ልጀምር።

"የአባቶቻችን ሕግ" የምትሉት ፍትሐ ነገሥትን ከሆነ፣ እሱም እኮ ከውጭ የመጣ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ አንድ ቅብጣዊ ሊቅ፣ ኢብን አል-አሳል፣ በዓረብኛ ያዘጋጀው መጽሐፍ ነው። ወደ ግእዝ ተመለሰ፣ ከዚያ የኛ ሆነ። እንዴት የኛ ሆነ? ሊቃውንቱ በጉባኤ ቤት ወንበር ዘርግተው፣ አንድም እያሉ አራቅቀው፣ ለተማሪው በሚገባው ቋንቋ አስተማሩት። መቶ ዓመታት ፈጀ። መምህሩም፣ ዳኛውም፣ ተሟጋቹም አወቀው። መነሻው ግብፅ መሆኑ ጎጃም ውስጥ ሥር ከመስደድ አላገደውም።

በሌላ በኩል፣ ፈረንጅ እጁን ያላስገባበት ሕግ ሁሉ ደግ ነው ያለው ማነው? በ1960 ዓ.ም. የወጣውን የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አስታውሱ። አዲስ አበባ ወጣ፣ ገበሬው ግን መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊነጠቅ ነው ብሎ ጠረጠረ። ቁጭ ብሎ ያስረዳው አልነበረም። ቢቸናና ሞጣ ነፍጥ አነሡ፤ መንግሥትም በአውሮፕላን ደበደበ። በመጨረሻ ወደ ኋላ ማለት ግድ ሆነበት። የሞተው ግን ሞተ። በ1989 ዓ.ም. በክልላችን የተካሄደውን የመሬት ድልድልስ? "ቢሮክራት" እየተባለ መሬቱ የተቆረሰበት አባት ዛሬም በየቀበሌው አለ። አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ የተጓዙ ገበሬዎች ነበሩ። ያን ድልድል ያወጣው የራሳችን ሰው ነው። በራሳችን ቋንቋ ነው የተነበበልን። አላዳነንም።

ስለዚህ "የፈረንጅ ነው" ማለት ብቻውን ክስ አይሆንም። "የኛ ነው" ማለትም ብቻውን መከላከያ አይሆንም።

አሁን ወደ መጀመሪያዎቹ። እናንተ ለጋሽ ከሌለ ማሻሻያ የለም የምትሉት፣ ከፈረንጅ ጋር ሕግ መሥራት የጀመርነው ትናንት አይደለም። ውጤቱን ለመመዘን ሰባ ዓመት ያህል አለን።

በ1946 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የሕግ አርቃቂ ኮሚሽን አቋቋሙ። የፍትሐ ብሔሩን ሕግ ረቂቅ ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ሠሩት። የወንጀለኛ መቅጫውን ስዊዛዊው ዣን ግራቨን። የንግዱን ሕግ ዣን ኤስካራ ጀምረውት ሲሞቱ አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሱት። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓቱን እንግሊዛዊው ሰር ቻርልስ ማቲው። በኮሚሽኑ ውስጥ የኛ ሰዎችም ነበሩ፤ ይህን መካድ አይገባም። ሥራውም እንደ ሕግ ሥራ የሚናቅ አይደለም። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታወጀ፣ መስከረም 1 ቀን 1953 ሥራ ላይ ዋለ፤ 3367 አንቀጽ። በፈረንሳይኛ ተረቀቀ፣ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። ዛሬም ድረስ ዳኛውና ጠበቃው አማርኛው አልገባ ሲለው እንግሊዝኛውን ይገልጣል። የሕግ ቋንቋችን አማርኛ ነው እንላለን፤ ሐሳቡን የምንፈልገው ግን በሌላ ቋንቋ ነው።

ረኔ ዳቪድ ራሳቸው በኋላ በጻፉት ጽሑፍ ሐሳባቸውን አልደበቁም። ኢትዮጵያ ሌሎች እንዳደረጉት ሕጓን በልምድ ቀስ በቀስ ለመገንባት 300 ወይም 500 ዓመት ልትጠብቅ አትችልም ነው ያሉት። የቸኮለ አገር ሙሉ ሕግ ያስመጣል ነው ነገሩ። የዚህ ችኮላ ማኅተም አንቀጽ 3347 ነው። ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ የነበረውን የተጻፈም ሆነ የልማድ ሕግ፣ ሕጉ ራሱ ካልፈቀደ በቀር፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሻረው። የስንት ትውልድ ልማድ፣ የስንት ሽማግሌ ብልሃት፣ በአንድ አንቀጽ! ማን ተጠይቆ? ጎንቻ ያለው ሽማግሌ መሻሩን መቼ ሰማ? ይኸው እስከ ዛሬ በዋርካ ሥር ተቀምጦ ያስታርቃል፤ መሻሩንም ያወቀ አይመስልም።

"ታዲያ ምን ይደረግ ነበር? ሁሉም አገር ያደረገው ነው" ትሉኝ ይሆናል። ሁሉም አይደለም። ጃፓንን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1873 ቧሶናድ የሚባል ፈረንሳዊ የሕግ ሰው አስመጡ። የፍትሐ ብሔር ሕግ አረቀቀላቸው፣ በ1890 ታወጀ። ከዚያ አገሩ በክርክር ተናጠ። ይህ ሕግ ቤተሰባችንን አያውቅም፣ ልማዳችንን አያውቅም ብለው ተሟገቱ። ሥራ ላይ ሳይውል አዘገዩት። ሦስት የራሳቸው ምሁራን እንደገና ሠሩት፣ በ1898 ሥራ ላይ ዋለ። የቧሶናድን ሥራ አልጣሉትም፤ ከፈረንሳይም ከጀርመንም ወሰዱ። ግን አላምጠው ዋጡት። በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥታችንን ስናወጣ የጃፓንን ሕገ መንግሥት አይተን ነበር። ወረቀቱን ወሰድን፣ ክርክራቸውን ግን አልወሰድንም።

ይህ የታሪክ ወሬ ብቻ የሚመስለው ካለ አንድ ምሳሌ ልስጥ። አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ይሁን ይላል። የሰበር ሰሚ ችሎትም ይህን ይዞ፣ ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም ያለባቸው ውሳኔዎች አሉ። እንበልና አንዲት የጉንደ ወይን ሴት ያላትን ጥሪት ሁሉ አሟጥጣ ሁለት ክፍል ቤት ገዛች። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ምስክር ፈረመ፣ ብሩ ተቆጥሮ ተሰጠ፣ ተመረቀች። በኛ ዘንድ ከዚህ በላይ ውል የለም። ሻጩ ከዓመታት በኋላ፣ ቤቱ ሲወደድ፣ ጠበቃ ይዞ "ውሉ አልተመዘገበም" ብሎ መጣ። ሕጉ ለማን ቆመ? ለከዳው። የሕጉ ዓላማ መጥፎ አይደለም፤ ምዝገባ ማጭበርበርን ይከላከላል። ግን ሕጉ ሲጻፍ በየከተማው ውል አዋዋይ ይኖራል ተብሎ ነው የታሰበው። ሴትዮዋ የምታውቀው ውል አዋዋይ ሽማግሌውን ነው። ያን ክፍተት የሚሞላ ነገር ማንም አላሰበም፤ ማንም እዚህ መጥቶ አልጠየቀምና። አባቶች "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ" ይላሉ። የሷ ግን ግራ ነው፤ ቤቷ በፍርድ ሄደ፣ እሷም ፍርድ አላገኘችም።

ዘመኑን ወደ ፊት ላምጣው። በ1997 ዓ.ም. መንግሥት ከአንድ የሆላንድ የሕግ ትብብር ማዕከል ጋር ሆኖ የፍትሕ ሥርዓቱን መነሻ ጥናት አስጠና። ትልቅ ሰነድ ነው። ፍሬ ሐሳቡ ሦስት ነው። አንድ፣ የፍትሕ ሥርዓቱ ለድሃው አይደረስበትም፣ የድሃውንም ፍላጎት አይመልስም። ሁለት፣ ሙስናን፣ ሥልጣንን አላግባብ መጠቀምንና የፖለቲካ ጣልቃ ገብነትን ለማስቆም ቁም ነገር ያለው እርምጃ አልተወሰደም። ሦስት፣ የፍትሕ ተቋማት በጀት ማነስ ሌላውን ችግር ሁሉ ያባብሰዋል።

እስቲ ልብ በሉ። በሽታው ከሃያ ዓመት በፊት ታውቋል። በፈረንጅ ገንዘብ፣ በፈረንጅና በኛ ባለሙያ፣ በግልጽ ቋንቋ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ የጎደለን ምን ነበር? እውቀት ነው? አይደለም። ሰነድ ነው? ኧረ ሰነድስ ሞልቷል! የጎደለው ሦስቱን የሚነካ እጅ ነው። የፖለቲካ ጣልቃ ገብነትን ማንም ለጋሽ ሊያቆምልን አይችልም። ለጋሽ ከመንግሥት ጋር ተፈራርሞ ነው የሚገባው፤ ያስፈረመውን ባለሥልጣን "እጅህን ከዳኛው ላይ አንሣ" ቢለው በነጋታው ፈቃዱ ይሰረዛል። ስለዚህ ሁለቱም የሚስማሙበትን ይሠራሉ። ሥልጠና፣ ወርክሾፕ፣ ማኑዋል፣ ኮምፒውተር፣ የልምድ ልውውጥ ጉዞ። የሚያስቀይም የለበትም፤ ፎቶም ያምራል።

እዚህ ላይ ልጆቼ አትቀየሙኝ። በአበል የሚኖር ማሻሻያ አበሉ ሲቀር ይቀራል። አዳራሽ ውስጥ "የፍትሕ ተደራሽነት" ተብሎ ሦስት ቀን ሲመከር ስንቱ ባለ ጉዳይ ተቀምጦ ያውቃል? በወረዳ ፍርድ ቤት ደጅ ቀጠሮው ለስንተኛ ጊዜ እንደተዛወረ የማያውቅ ገበሬ በዚያ አዳራሽ ተናግሮ ያውቃል? ጉዳዩ ይግባኝ ከተባለ ከወረዳው ወደ ከፍተኛው፣ ከዚያ ባሕር ዳር፣ ከዚያም አዲስ አበባ ሰበር ድረስ ነው። በየደረጃው ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ የጠበቃ ገንዘብ፣ የታጨደ ሳይወቃ የሚቀር እህል አለ። በፕሮጀክት ሪፖርት ላይ ይህ "ተጠቃሚ" ተብሎ በቁጥር ይገባል። በሰውነቱ ግን አይገባም።

"ጋሼ፣ ለጋሽን ሁሉ በጅምላ አትኮንን" የምትሉኝ እውነት አላችሁ። የማልኮንነውን እነግራችኋለሁ፤ ከዚሁ ከምሥራቅ ጎጃም።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ስዊድን ከክልላችን ጋር በነበራት የገጠር ልማት ፕሮግራም በኩል የመሬት ይዞታ ምዝገባ ሙከራ ተጀመረ። ከሙከራ ቀበሌዎቹ አንዷ ጎዛምን ወረዳ ያለችው አዲስና ጉሊት ናት፤ ሌላዋ ደሴ አጠገብ ገራዶ። ዓላማው ሕጉ ላይ ያለውን የይዞታ መብት በገበሬው እጅ ማስገባት ነበር። ሥራው ወደ ሌሎች ቀበሌዎች ሲሰፋ ማን ሠራው? ሕዝቡ የመረጠው የቀበሌ መሬት ኮሚቴ። ገመድና ሜትር ይዞ፣ ድንበርተኞችን ከግራም ከቀኝም አቁሞ፣ "እዚህ ነው? እዚህ ነው" አባብሎ። የተጣላው እዚያው ማሳው ላይ ተሟገተ፣ ሽማግሌ ገባ፣ ተፈታ፤ ያልተፈታው ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ከዚያ ደብተሩ መጣ። አረንጓዴው ደብተር! የባልም የሚስትም ስም፣ የሁለቱም ፎቶ። ከዚያ በፊት በመሬት ጉዳይ ስሟ በወረቀት ተጽፎ የማያውቅ ሴት ደብተሯን ከሣጥን አውጥታ ዳኛ ፊት አቀረበች። ፊንላንድና እንግሊዝም በኋላ ከአየር ላይ በተነሣ ፎቶ ድንበር የመለየቱን ሁለተኛ ዙር ደገፉ።

ፍጹም ነው አላልኩም። በኮሚቴው ውስጥ አድልዎ አልነበረም የሚል ሰው ካለ ቀበሌ ኖሮ አያውቅም። መሬት ዛሬም የመንግሥት ነው፤ ደብተር የያዘም ከከተማ ዳር ሲሆን ይነሣል። ግን አንድ ነገር እዩልኝ። ስዊድኖቹ ሄዱ፣ ደብተሩ ቀረ። የትኛውም አገር ቢቆጣ፣ የትኛውም ፕሬዚዳንት ቢፈርም፣ ያች ሴት ደብተሯን ማንም በፊርማ አያስቀርባትም። ለምን? ገንዘቡ የውጭ ነበር፣ እውቀቱም በከፊል የውጭ ነበር፤ ድንበሩን ያሳየው ግን ድንበርተኛው ነው። ትብብር የምለው እንዲህ ያለውን ነው።

አሁን ከባዱ ነገር። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የሕግና የፍትሕ ጉዳዮች አማካሪ ጉባኤ ተቋቁሞ የአገር ልጆች፣ ብዙዎቹ በነጻ፣ ጥሩ ጥሩ ሕግ አረቀቁ። የሲቪል ማኅበራት አዋጅ ተሻሻለ፤ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ወጣ፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 መጣ። አንብቤያቸዋለሁ፤ ከበፊቶቹ ይሻላሉ። ከዚያስ? በመጀመሪያ ሰሜኑ ነደደ። ቀጥሎ የኛው ክልል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሰው መያዝ ተፈቀደ፤ በጥር 2016 ደግሞ ተራዘመ። በአንድ በኩል ለዳኛ ስለ ተያዙ ሰዎች መብት ሥልጠና ይሰጣል፤ በሌላ በኩል የተያዘውን ሰው ዳኛው እንዳያየው ይደረጋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በቀር በሌላ አይመራም ይላል። በጠመንጃ መካከል የተቀመጠ የወረዳ ዳኛ፣ ከሁለቱም ወገን ስልክ የሚደወልለት፣ በዚህ አንቀጽ ይሸፈናል? አንድም ለጋሽ፣ አንድም ኤክስፐርት ይህን ሊሸፍንለት አይችልም። የሚሸፍነው ማኅበረሰቡና የራሱ መንግሥት ነው፤ ሁለቱም "ዳኛ አይነካም" ሲሉ።

እና ምን ይሁን? ዝም ብሎ መውቀስ ልማዴ አይደለም። አራት ነገር።

አንደኛ፣ ከየትኛውም አገር ጋር በፍትሕ ጉዳይ የሚፈረም ስምምነት በአማርኛና በየክልሉ ቋንቋ ለሕዝብ ይገለጽ። ማን፣ ስንት ብር፣ ለምን ሥራ፣ እስከ መቼ። ስማችንን ጠርተው ለተቀበሉት ገንዘብ ውሉን የማየት መብት አለን።

ሁለተኛ፣ የዳኛ ደመወዝ፣ የችሎት ወረቀት፣ የመዝገብ ቤት መደርደሪያ ከራሳችን ካዝና ይሁን። እነዚህ የቤት ምሰሶ ናቸው። ምሰሶ በውሰት አይቆምም፤ ባለቤቱ ሲነቅለው ጣሪያው ይወርዳል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የተባለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ የውጭ ድጋፍ ሲመጣ ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ የሚቀር ነገር ላይ ይዋል። የሰበር ውሳኔዎች በሚገባ አማርኛ ተብራርተው ለወረዳ ዳኛና ለባለ ጉዳይ እንዲደርሱ፤ የሕግ ተማሪዎች ለድሃ በነጻ እንዲሟገቱ፤ በየወረዳው ውል የሚመዘገብበት ደጅ እንዲከፈት። ያች የጉንደ ወይን ሴት በምዝገባ ጉድለት ቤቷን እንዳታጣ።

አራተኛ፣ ማንኛውም የሕግ ረቂቅ አዋጅ ከመሆኑ በፊት ቢያንስ በጥቂት ወረዳዎች ለሕዝብ ይነበብ። በፓወር ፖይንት አይደለም። በገበያ ቀን፣ በዕድር፣ በሰንበቴ፣ ሴቶቹ ባሉበት። ገበሬ ሕግ አይገባውም የምትሉ ካላችሁ፣ አንድ ቀን ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጣችሁ የውርስ ክርክር ስሙ። እናንተ ማስታወሻ ስታገላብጡ እነሱ ፍሬ ነገሩን ይዘውት ታገኛላችሁ።

ከተማሪዎቼ ዳኛ፣ ዓቃቤ ሕግ፣ ጠበቃ የሆናችሁ ብዙ ናችሁ። ፕሮጀክቱ ቆመ ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ለውሳኔያችሁ ምክንያቱን በግልጽ አማርኛ ለመጻፍ የማንም ገንዘብ አያስፈልጋችሁም። ባለ ጉዳይን "ቁጭ በሉ እናቴ" ለማለት በጀት አይጠየቅም። ቀጠሮን ያለ ምክንያት አለማዛወር ማኑዋል አያሻውም። እነዚህ ሦስቱ ብቻ ቢደረጉ፣ ስንት ዶላር የፈሰሰበት ፕሮግራም ያላመጣውን ለውጥ በአንድ ዓመት ታያላችሁ። የማትችሉትን፣ በላይ ያለውን ጣልቃ ገብነት፣ እኛ ውጭ ያለነው እንጩህበት። የእናንተ ድርሻ እጃችሁ ላይ ያለውን መዝገብ በእውነት መዝጋት ነው።

የምታውቁት ካለ፣ በየወረዳችሁ የሠራ ወይም የከሸፈ የትብብር ሥራ ካለ፣ ከታች ጻፉልኝ። የሰው ስም አትጥሩ፣ ስድብም አልወድም። ሐሳብ በሐሳብ እንሟገት።